ለዚህ ጉዳይ ብቻ

ፒያሳን ወረድ ብሎ፣ ከፍርድ ቤቱ በታች፣
አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች፤
ውስጧ እኔና ማሽኔ፣
የሰው ፊት ስንገለብጥ የምንውል፣ እሷ በብርሃኗ፣ እኔ በዓይኔ።

ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ መብራትም አብሮ ይሄዳል፤
ያን ጊዜ ወረፋው ቆሞ ወሬ ይወልዳል።
«የሰው ስም ይሰረቃል አሉ» አለች አንዲት የሐይቅ ሴት፤
ሳቁባት፤ ሱቄ ለአፍታ መሰለ የሰርግ ቤት።
«ስም በሬ ነው እንዴ በሌት የሚነዳ?
ድሃን በስሙ ቢጠሩት የሚገኘው ዕዳ!»
«እኔ እንደሁ ስማርት የለኝም፣ ባለ ቁልፉን ነው የያዝሁት፤
ሌባው በየት ይገባል?» አለ ሌላው፤ አመንሁት።
ጋሽ እብሬ ሙሄም፣ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣
ደረታቸውን መታ አደረጉ፤ «መታወቂያዬ ከኔው ጋር ነው የሚተኛ።
በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ኪሴን በመርፌ ቁልፍ ቆልፌ፤
ሌባ ቢነካው ልቤ ያነቃኛል ከእንቅልፌ።»

መብራት መጣ። አነሳሁላቸው። አንደኛው ጠቆረ፣
ሁለተኛው ተጣመመ፣ ሦስተኛው ሰመረ።
ሁለቱን ብልሽት ወረወርሁ ወደ ካርቶኑ፤
እሳቸው ጥሩውን ይዘው ሄዱ፤ ሄደ ቀኑ።

በሚያዝያ ተመለሱ፣ መጥሪያ በእጃቸው፤
«አንብቢልኝ ጦይባ፣ ማነው ይህ ሰው?» አሉኝ፣ ጣታቸው በገዛ ስማቸው።
እብሬ ሙሄ፣ ይላል፣ ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ በዱቤ ወስዶ፣
ሦስት ወር ሳይከፍል ጠፋ፣ አገር ለቆ ሄዶ።
ስልኩም በስማቸው የወጣ፣ ብድሩም በስልኩ የመጣ፤
እሳቸው ሐረጎን ከወረዱ ስንት ክረምት ወጣ!
«ይኸው መታወቂያዬ!» ላስቲኩን ፈቱ፣ መርፌ ቁልፉን ነቀሉ፤
«አልተሰረቅሁም! ይኸው! ይኸው!» እያሉ፣ እያሉ።

እኔ ዝም አልሁ።

ከደጄ ቆሎ ትሸጣለች ዘሙ፣ የጎረቤቴ ልጅ፤
ብልሽቱን ወረቀት በየማታው የምሰጣት እጅ በእጅ።
እንደ ቀንድ ጠቅልላ ገብስና ሽምብራ ትሞላለች፤
የሰው አባት፣ የሰው ዕድሜ፣ የሰው ቁጥር ታድላለች።
ያን ዕለት እኔም ገዛሁ። ቆሎውን አፍስሼ ወረቀቱን ዘረጋሁት፤
ፊቱ ጠቁሯል። ስሙንና ቁጥሩን ግን አንድ ሳይቀር አነበብሁት።
የጋሽ እብሬ አልነበረም። የአንዲት የቧንቧ ውሃ ሴት ነው።
ይህ አላጽናናኝም።

ውሻ አልጮኸበትም ሌባው፣ አጥርም አልዘለለም፤
ቆሎ በላ፣ እጁን አራገፈ፣ ወረቀቱን ግን አልጣለም።
የድሃ ስም ብለን የሳቅንበት፣ ለካ ንጹሕ ነው፣ ዕዳ አያውቅም፤
ከዚያ የተሻለ ዕቃ ሌባ ገበያ ቢወጣም አይሸምትም።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
ይኸው ባለቤቱ ሳይሞት፣ ከሐረጎ በታች ባጃጅ ይነዳል!

ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
አብረን ፖሊስ ሄድን፣ ከዚያ ቴሌ፣ ወረፋው እስከ በር።
«በስምዎ ሦስት ስልክ አለ» አለች ልጅቱ። የሳቸው አንዱ ነው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ።
እዚያው ቆመን ሳለ ጮኸ፤ ከወዲያ የመጣው ድምፅ ማር የጠጣ፣ የተራቀቀ፤
«ከባንክ ነው አባቴ፣ በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ፤ ሙሉ ስምዎንም ጭምር።»
«ስሜን?» አሉ ጋሽ እብሬ፤ «እሱን እንኳ ካንተ ልስማ፤ አንተ ዘንድ ነው የከረመው፣ ይብላኝ ለቁጥር!»
ዘጉት። ወረፋው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አሁን የማነሳው ሁሉ ላይ ሁለት መስመር አሰምራለሁ፤
በመሃሉ ለዚህ ጉዳይ ብቻ፣ ከነቀኑ እጽፋለሁ።
«አበላሸሽብኝ!» ይለኛል ሰዉ። ይበለኝ። ብልሽቱን ባልዲ ውስጥ እነክራለሁ፣
እንደ ሊጥ እስኪላላ፣ እስኪሟሟ ድረስ አሸዋለሁ።
ዘሙ በድሮ ደብተሯ ትጠቀልላለች፣ በራሷ የሒሳብ ስህተት።

ክሱ አላለቀም፤ ቀጠሮ ለሐምሌ።
«እብሬ ሙሄ!» ሲል ጠሪው፣ ከአዳራሹ ደጃፍ፣
እንደ ድሮው ቶሎ አቤት አይሉም፤ ዞር ብለው ያያሉ፣
ሌላ ሰው ይነሣ እንደሆን፣ ከአግዳሚው ጫፍ።