ለናርዶስ፣ የመጀመሪያ ሳምንት

ነይ፣ ወንበሩን ሳቢ። አንድ እግሩ ያጥራል፤
ካርቶን አጥፌበታለሁ፣ ከለቀቀ ይንገዳገዳል።
ያለነው ምድር ቤት ነው፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ፀሐይ እንደ እንግዳ ለአንድ ሰዓት የምትገባ።

ስክሪን ቁልምጫ ያበዛል፣
ግራጫውን ሰማያዊ ብሎ ይጠራል።
ቀለሙን ለመፍረድ ሙከራ ወረቀት አትሚ፣
ደረጃውን ወጥተሽ
ቸርችል ጎዳና ላይ በቀን ብርሃን ቁሚ።

ማውሱን አትጨብጪው እንደ ታክሲ እጀታ፣
ትከሻሽ ይከስሻል ቤት ስትገቢ ማታ።

ሁሉን መሣሪያ ልወቅ ብለሽ አትሩጪ፤
ሦስቱን ይዘሽ ተቀመጪ፦
መምረጫውን፣ መቁረጫውን፣ ብሩሹን።
የቀረው ሲቸግርሽ ራሱ መጥቶ ይተዋወቅሻል።

ፊልተር የሚያበዛ፣ ድምፁን የማያምን ዘፋኝ ነው፤
ኢኮ ሲያስጨምር ያመሻል፣ ግጥሙን ማንም ሳይሰማው።

የሰርግ ካርድ ሲመጣ፣ የፊደል ዓይነት ሁለት ይበቃል።
ከዚያ በፊት ግን ጠይቂ፦
ሙሽራው ጸጋዬ በየትኛው «ጸ» ይጻፋል?
አንዴ ሳልጠይቅ አትሜ
አምስት መቶ ካርድ ተመለሰ፤ ሂሳቡ የእኔ ደመወዝ።

አሁን ወደ ሌየር።
መስታወት በመስታወት ላይ እንደ መደርደር ነው፣
በላይኛው ብትስቺ የታችኛው አያውቀው።
የታችኛውን ቆልፊው። አትንኪው።
ቅጂ አውጪና በቅጂው ላይ ተሳሳቺ፣
እንደ ልብሽ አበላሺ፣ እንደ ልብሽ ፍቺ።

ፊቴ ጠቆረብሽ? ልንገርሽ።

እዚሁ ወንበር ላይ ነው፣ አራቱም እግሩ ልክ በነበረ ጊዜ።
ወይዘሮ ዘርትሁን መጡ፣ በመሐረብ የቋጠሩትን ፍላሽ ፈትተው፣
የባላቸው ፎቶ፤ ለአርባው ባነር፤ «ሌላ የለኝም» ብለው።
ሰውየው ከቅንድባቸው እስከ ፀጉራቸው ጠባሳ ነበራቸው።
እኔ ደግሞ ክሎን ስታምፕ የተማርኩት በዚያው ሳምንት፤
አዲስ ጫማ እንዳገኘ ልጅ መሄጃ ስፈልግ ነበር።

ከጉንጫቸው ደህና ቆዳ ወስጄ ሸፈንኩት፣
አለሰለስኩት፣
ሌየሩን አንድ ላይ አጣመርኩት፣
በዚያው ስም፣ እዚያው ፍላሽ ላይ፣ ሴቭ አደረግኩት፣
ዘጋሁት።

መነጽራቸውን አወጡ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።
ስክሪኑን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ደግሞ ስክሪኑን።
«ታናሽ ወንድሙን ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ብጫን፣ ብጫን፣
የተዘጋ ፋይል ምኑን ይመልሳል?

አልተቆጡም። ያ ነው የከበደኝ።
በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣
ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አኖሩ።
«ከዚህ ይጀምራል… ወደ ግራ… አይ፣ በዛ።
እዚህ ጋ የሰፋው ሐኪም እጁ ተንቀጥቅጧል።
ለእኔ ወንበር ልያዝ ብሎ ሲሮጥ ነው፣
የአውቶቡስ በር የመታው።»
እኔ በሁለት ፒክስል ብሩሽ እከተላለሁ፣
እሳቸው «አይ» ሲሉ እደልዛለሁ፣
የጣታቸው አሻራ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉም፣
ከሥሩ ግንባር፣ ከግንባሩ ላይ የእኔ መስመር።

ሲመሽ «ይቀርበዋል» አሉ።
«ነው» አላሉም።

ብጉር በሳምንቱ ይጠፋል፣ አጥፊው ግድ የለም።
ጠባሳ ሲሆን ግን፣ ናርዶስ፣ ባለቤቱን ሳትጠይቂ እጅሽን አታንሺ።

በይ፣ ያ የመታወቂያ ፎቶ ነገ ጠዋት ይወሰዳል፤
ጀርባውን ነጭ አድርጊ፣
ጆሮውን እንዳትቆርጪው ጠጋ ብለሽ ሥሪ።
ቆይ፣ መብራቱ ብልጭ አለ።
ሴቭ አርጊ።
በሌላ ስም።