ማንበብ ብቻ

ሐምሌ ነው፣ ደብረ ብርሃን፤ ጉሙ መስኮት ይልሳል፣
አባቴ ከወዲያ ክፍል፣ ጋቢ ደርቦ ያስላል።
እኔ የራውተሩን፣ አረንጓዴ ጥቅሻ አያለሁ፣
ሁለት ኮምፒውተር ላስተዋውቅ፣ ከማታ ጀምሬ እታገላለሁ።
አንድ ዋይፋይ ናቸው፣ አንድ ጣራ አላቸው፣
ግን አይተያዩም፤ ምን አቀያየማቸው?

በሦስተኛው ሙከራ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
«ወንድይራድ ቤት» የሚል፣ ስም ከጉም ውስጥ ወጣ።
ፎልደሬን አጋራሁት፦ የእናቴን ፎቶዎች፣
የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ የሐኪም ወረቀቶች።
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያጠፋብኝ ይሆናል፤
«ማንበብ ብቻ» ብዬ ፈቀድኩ፤ ምን ይጎድላል?

ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ተንኳኳ።

«አንተ ልጅ! ከፎቶው ሥር፣ ስም ልጽፍበት ብዬ፣
‹አልተፈቀደልህም› ይለኛል ዕቃዬ።
ይቺ ከናትህ ጎን፣ ሻሽ ያሰረችው፣
ወርቅያንጥፉ ናት፣ የጣርማበሯ።
እኔም ካለፍኩ ወዲያ፣ ማን ብሎ ሊጠራት?»

መልስ አልነበረኝም።
ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግሁ፦ ማንበብም፣ መጻፍም።

ጉሙ እስከ ረፋድ አልተገፈፈም።
ከወዲያ ክፍል ግን፣ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያለ፣
ፊደል ሲለቀም ዋለ።

ማታ ከፍቼ አየሁት።
ስሟ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታለች፤
አላረምኳትም።