ኮረንቲው ከተቆረጠ ወዲህ

ቤር ሼቫ፤ ዩኒቨርሲቲው፤ መስኮት የሌለው ምድር ቤት፤
ለሁለት የተከፈለ ሣጥን፣ ወለሉ የሽቦ ርብራብ፣ ግድግዳው መስታወት፤
መሐሉ ላይ አጭር አጥር፤
አይጧ ስም የላትም፤ ዐሥራ ሰባት ናት በቁጥር።

አምፖሉ ሲበራ ትዘላለች፤
ሳይነዝራት ቀድማ ወዲያ ማዶ ታርፋለች።
ኮረንቲው ግን ከተቆረጠ ቆየ፤ እኔው ነኝ የነቀልኩት፣
የፋሲካ ማግስት፤ ቀኑንም ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት።
ይኸው ሰባት ሳምንት ሞላ፤ ሻቩዖትም ደረሰ፤
እሷ አሁንም ትዘላለች፤ የአጥሩ ጠርዝ በጥፍሯ ታረሰ።

«ሸሽቶ የዳነ፣» አለች ዶክተር ኦርና፣ ሰሌዳው ላይ ቀስት ሠርታ፣
«አደጋው ማለፉን በምን ያውቃል? መች ቆሞ አየና ለአንዳፍታ!»
ጥያቄ ነበረኝ። እጄን ከጠረጴዛው አላነሣሁም።
አንደኛ ዓመት፣ አንድ ቃል አፌ ላይ ሲሰበር የኋላ ወንበር ሳቀ፤
ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም።

አባቴ ደግሞ፣ ሰፈር ዳሌት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
በር ሲንኳኳ ሬዲዮውን ይዘጋል፤ ማን እንደሆነ ሳያይ።
ጣቱን ከንፈሩ ላይ ይጭናል፤
ውጭ ያለው ሰው እስኪሄድ ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል።
ይህን ሱዳን ሳለ ተማረ፣
ከድንኳኑ ደጅ ኮቴ ሲሰማ ትንፋሹን እየቆጠረ፣
«ከየት ነህ?» ሲሉት ሌላ ስም፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ጸሎት እየተናገረ።
ያ ትምህርት አድኖታል። አልክድም። አድኖታል።
ግን አርባ ዓመት ሆነው፤
ዛሬ ደጃችን የሚመጣው የጋዝ ሠራተኛ ነው፣
ወይ ስቬትላና ናት፣ በስህተት እሷ ሣጥን የገባ ደብዳቤያችንን ይዛ።

የፈተናዬ ዋዜማ ስለ አይጧ አጫወትኩት።
ለጽንሰ ሐሳቡ አማርኛ አጣሁ፤ በመዳፌ አጥር ሠርቼ፣ በጣቴ ዘለልኩለት።
አሰበ፣ አሰበና፣ «ታዲያ ነገራችኋት?» አለ።
«ምኑን?»
«ኮረንቲው መቆረጡን።»
«አይጥ እኮ ናት አባዬ፤ ቢነግሯት መች ትሰማለች?»
ስኳሩን አማሰለ።
«ለኛም ማንም አልነገረን።»

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ።
መጽሐፉ «መውጫውን ዝጋ፣ አምፖሉን አብራ፣ ቁጠር» ይላል።
እኔ ምንም አልዘጋሁ፤ ተነሥቼም አልከፈትኩ፤
አጠገቡ ተቀመጥኩ።
እጁ ወደ ሬዲዮው ሄደ፤ ቁልፉ ላይ ደረሰ፤
እዚያው ቀረ።
ሬዲዮው ስለ አየሩ ማውራቱን ቀጠለ፦ ኔጌቭ ላይ አቧራ፣ ነገም ሙቀት።
ስቬትላና በሩሲያኛ ለራሷ አንድ ነገር አለች፤
ደብዳቤው በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ።

ማታ ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ የሚጻፍ አጣሁ።

እሑድ፣ ክፍል ውስጥ፣ ኦርና «ጥያቄ?» ስትል
እጄ ተነሣ፤ እስከ ጆሮዬ።
ጉትቻዬን ነካ ነካ አደረግኩ።