ሰባቱ ሊትር

ከሳሙና በር በላይ፣ ሆስፒታሉ ጓሮ፣
ሁለት እሳት ነበር ጎን ለጎን ታጉሮ።
አንዱ ናፍጣ ጠጥቶ አምፖል ሲያበራ፣
ሌላው ግንድ ቆርጥሞ ውሃ ሊያፈላ ሲያጓራ፣
መሐላቸው ግድግዳ፤
አንዱ የአንዱን ሥራ ሳያውቅ እንደ ባዳ።
እኔ የመጋዘን ሰው፣ ቁልፍ በወገቤ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱን ቀልቤ፣
አንድ ቀን አልጠየቅሁ።

አጣናው ነው ፈላጩ። ስሙ ከሥራው ገጥሞ
የአንገረብን ባሕር ዛፍ ከምሮ፣ ከርክሞ፣
እቶን ሲያጎርስ ይውላል፣ ክንዱ እስኪዝል፤
ጢሱም ቁልቁል ወደ ቀሃ ሲንከባለል፣
የሳንባው ክፍል ሰዎች «መስኮት ዝጉ» ሲሉ
«ለናንተው አንሶላ ነው» ነበር መልሱ ሁሉ።

ፈንታነሽ አጣቢዋ፣ ክረምት በገባ ማታ፣
እርጥብ ነጠላዋን ከዚያ ግድግዳ ላይ ዘርግታ፣
ጠዋት አገኘችው ደርቆ።
በማግሥቱ ጋቢ ሰቀለች፤ እሱም ነጋ ሞቆ።
መጋዘኔ በር ቆመች፣ አረፋው ከክንዷ እንዳለ፦
«ያ ግድግዳ ያተኩሰዋል፤ ያየው ሐኪም የለ?»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤
መዝገቤን ገለጥሁ፤ ቁጥሩ ተናገረ፦
ከአሥር ሊትር ናፍጣ ሦስቷ ብቻ ናት መብራት፤
ሰባቱ ሙቀት ሆኖ፣ በቱቦው፣ ለሰማይ እራት።
ጎተራው በቀኝ እየፈሰሰ በግራ እህል የሚለምን
እንዲህ ያለ ቤት ማን አለ? እኛ ነበርን።

ቢምረው፣ የአዘዞ በያጅ፣ አሮጌ ቧንቧ ለቅሞ፣
የሞተሩን ትንፋሽ ጠምዝዞ፣ ከውሃው በርሜል አስማምቶ አቁሞ፣
ግድግዳውን በሳው። ሙቀቱ አገኘ መውጫ፤
ውሃው ቆየ፣ ቆየና እንደ ልጅ ተንጫጫ።
የእንጨቱ ጭስ ማውጫ ያን ቀን ዝም አለ፤
ቁራ መጥቶ አረፈበት፣ ሳይሰጋ ተደላደለ።

ካርቦን የሚሉት ነገር ለዓይን አይታይም፤
ግንቡ ላይ እንዳለው ጥቀርሻ በጣት አይነካም።
እንደ ሐሜት ነው እንጂ፣ ከአፍ ሲወጣ ቀላል፤
አገር ካዳረሰ በኋላ ማን ይለቅመዋል?

ሥርየት አገኘን አልልም። ሞተሩ ዛሬም ያጓራል፤
አሥሩም ሊትር ተቃጥሎ ጢሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤
ሙቀቱን ጥሎልን ነው የሚወጣው።
የተረፈን የግንዱ ነው፤ ዳገቱ ላይ የቆመው።
የበያጁን ሒሳብ ስጽፍ፣ ስሙ ላይ እጄ ቆመ፤
«ቢምረው»—ማንን ይሆን? ሞተሩን? ወይስ እኔን፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰባት ሰባቱን ወደ ሰማይ የሸኘሁትን?

አጣናው መጥረቢያውን ይዞ በሬ ላይ ቆሟል።
በሸክም ነበር የሚከፈለው። ሸክም የለም። ምን ይባላል?
«የኔስ ነገር?» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።
ሊትር የተጻፈበት ዓምድ አለኝ፤ ሸክም የተጻፈበትም፤
ሰው የሚጻፍበት ግን መዝገቤ ላይ የለም።
«የቧንቧ ተቆጣጣሪ» ብዬ ዳር ላይ ጻፍሁ፣ በእርሳስ፤
ይኸው ሦስት ወር ሆነው፣ አለቃው ፊርማ ሳይደርስ።

ትናንት ፈንታነሽ ነጠላዋን ከዚያው ግድግዳ ሰቀለች።
ዛሬ ጠዋት እርጥብ ነበር፣ ቀዝቃዛ።
መዳፏን ለጠፈችበት፣ እንደ ሕመምተኛ ግንባር፣
«ድኗል» አለችኝ፤
አጣናው እሱም ሊነካው ጠጋ አለ።