የነሐስ ጓንት፣ ቁጥር ሁለት

ቁጥር አንድ የመጣ ለት ሸዋ በር ተጨንቆ፣
ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ከሰው ተጣብቆ፣
ባለ ነሐስ ጓንቱ ሲነሣ ከወደቀበት
ፉጨቱ ጦሳን ዞሮ ተመለሰ ከኛ ቤት።

ተርጓሚው እኔ ነኝ። ጀግናው በፈረንጅ አፍ ሲፎክር
በወሎ አማርኛ "አብሽር!" እያልኩ የምመነዝር።

ቁጥር ሁለት መጣ።
በስምንት ሰዓት አሳየን፤ በአስር ሰዓት ፍርዱ ወጣ።

ሙሄ የሚኒባስ ረዳቱ፣ "ጀግናው ደክሟል" አለ፣
"ባንድ እጁ አውቶቡስ ያቆመ፣ ዛሬ ሲያለቅስ ዋለ።
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አላስይዘው፤
ከከፈልኩት ብር ግማሹን መልሰው።"

ይመር ጫማ ሰፊው ያየ ጓንቱን ብቻ፦
"ነሐስ እንዲህ አይታጠፍም፤ ቆርቆሮ ነው፣ ቅቡ ለብቻ።"

ጋሽ አስናቀ ጡረተኛው፣ የሒሳብ አስተማሪ፣
ደብተር ይዞ የሚገባ፣ ተመልካች ሳይሆን መርማሪ፣
"ጠላቱ ሦስቴ ሞቷል" አለ፣ "አራት ጊዜ ተነሥቷል።
ልዩነቱን ማን ይክፈለኝ? አንድ ሞት ጎድሏል።"

ሐያት ብቻ፣ የሰባተኛ ክፍሏ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
"እኔ ወደድኩት" አለች፣ "ስላየሁት ሲከፋ።"
ሳቁባት። መልሷን ይዛ ወጣች።

ሰዓዳ የሱፍ ልጣጭ ከወንበር ሥር ትጠርጋለች፣
ወገቧን ይዛ ቀና ስትል እንዲህ አለች፦
"ከተማው ሁሉ ፈረሰ፣ መስታወቱ እንደ በረዶ፤
ማነው ታዲያ የሚጠርገው፣ እሱ ሌላ አገር በርሮ ሄዶ?"

የሷን ሱቅ አውቀዋለሁ። በዚያ ኅዳር ስንመለስ
ሦስት ባልዲ መስታወት አወጣች፣ እጇ ደም እስኪለብስ።

ማታ ቤቱ ግማሽ ነበር፤ ወሬ ቀድሞናል።
ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ።
"ብራችንን!" አሉ።
"ቁጭ በሉ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።"
መጨረሻውን ቀን አይቼዋለሁ፣ አይጥምም፤
ስለዚህ ዋሸሁ። አልጸጸትም።

"ጠላቱ ወደቀ" አልኳቸው። "ጀግናው ግን አልበረረም።
መጥረጊያ ለመነ ካንዲት ሴት፤ ቶሎም አልሰጠችም።
'መጥረግ ታውቃለህ?' አለችው።
'አላውቅም።'
'እንግዲያው ጓንቱን አውልቅ፣ ጎንበስ በል።'"
በዚያ ጨለማ አንድም ሰው አላፏጨ።
የጫት ጉንጭ እንኳ ቆመ።

ጧት ከተማው "ሁለተኛው አንደኛውን ያስንቃል" አለ፣
ያየ ላላየ እየነገረ፣ ያላየ ላየ እየማለ።

መብራት መጣ። ደግመን አሳየን፤ ቤቱ ሞላ እስከ ደጅ።
ጀግናው ከፍርስራሹ ላይ በረረ፣ ቁጥር ሦስትን ሊያዘጋጅ።
"ቆርጠኸዋል! መጥረጊያውን የት አደረስከው? ሌባ!"
አንዱ ጫማውን ወረወረ።
ጋሽ አስናቀ ሁለቱን ፍጻሜ ደምሮ ለሁለት አካፈለ፤
"አማካዩ ደህና ነው" አለ።

ሰዓዳ ሰው ሲወጣ ገባች፣ ልጣጯን ልትሰበስብ።
"ጠረገ አሉ" አለችኝ።
"ጠረገ።"
"ያን ሁሉ ስብርባሪ የት ደፋው ታዲያ?
ልጆች የማይሄዱበት?"

ማይኩ በእጄ ነበር፣ መብራቱም አለ።
ምንም አልተረጎምኩም።