ክብሪት በተከለከለበት ደን

ከጥዱ ዳር ታፔላ ቆሟል፣ «ክብሪት መጫር ክልክል» ይላል፤
ብርዱ ገባ፣ በጋው ወጣ፣ ታፔላው ግን መች ይነቀላል።
ከላንድ ደን መሐል ደግሞ፣ መስኮት የሌለው ቤት አለ፣
ደመወዝ ተቆርጦለት፣ እሳት ሊያነድ የማለ።

ሶላንዥ በጓንት እጇ፣ በማይክሮስኮፕ እያየች፣
ከቁንዶ በርበሬ ያነሰች እንክብል ሰቀለች።
ሆዷ ውስጥ ሃይድሮጅን፣ በረዶ ሆኖ ተኝቷል፤
ፀሐይ እንዲሆን ለአፍታ፣ በቀጠሮ ተጠርቷል።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤
መቶ ሰባ ስድስት ጨረር በአንዲት ፍሬ ላይ ሲወርድ
ከሩቅ እንደተዘጋ በር፣ ጓ! አለና ጸጥ።
ቲቦ ጥፍሩን ነከሰ፣ ቁጥሩ እስኪገለጥ።

ነደደ። ጥቂት። ካጎረሱት የመለሰው እጅግ ያንሳል፤
መስታወቱም ቆስሏል፣ ቁስሉ ነገ ይዳሰሳል።

ማታ አባቷ ጋስቶን፣ ሙጫ ለቃሚ የነበረ፣
በዚያ በቃጠሎው በጋ፣ ሦስት ሌሊት በአካፋ ያደረ፣
ገና በር ላይ ሳለች፣ እጇን ስቦ አሸተተ፤
«እሳት ነው ካልሽኝ፣ ታዲያ ጢሱን የት ከተተ?
ነድዶ ነበር?»
                    «ነድዶ ነበር።»
«ማን አጠፋው? ስንት ሰው? ስንት ቦቴ ውሃ ፈሰሰ?»
«ማንም። ራሱ ሞተ።
እኛ እኮ የምንለፋው፣ እንዲያድር ነው አባዬ።»

ጋስቶን ዝም አለ። እሱ ዕድሜ ልኩን ያየው እሳት
ተለምኖ፣ ተረግሞ፣ አሻፈረኝ ያለ መጥፋት።

ከመኝታ በፊት፣ እንደ ልማዱ፣
ምድጃው ላይ ሊደፋ ውሃውን አነሣ፤
ፍሙን አየው፣ አየው፣
መልሶ አስቀመጠ።

«እስቲ ዛሬ ይደር» አለ።