ሃያው የውሃ ዓምድ

ውረድ እንግዳዬ፣ አትፍራ፣ አያሰጥምም፣
ይህ ወንዝ ዘንድሮ ቁርጭምጭሚት አያርስም፤
ከሠላሳ ሦስቱ ቅስት፣ ከድልድዩ ሥር
የረገጥከው አቧራ ውሃ ይባል ነበር።
ስሙ "ሕይወት ሰጪ" ነው፤ ስሙ መች ተሻረ፣
ውሃው ነው የሄደው፣ ስሙማ እዚሁ ቀረ።

ያ ነጭ አንገት ደግሞ፣ ከስንጥቁ የበቀለ፣
ዝይ መሳይ ጀልባ ነው፣ በደረቱ የዋለ።
ሰባት ናቸው፣ የእኔ፤ ፔዳላቸው ዝጓል፣
የአራተኛው ሆድ ለድመት አራስ ቤት ሆኗል፤
ማን እንደሆን እንጃ፣ ጠዋት ጠዋት ማልዶ
ወተት ያኖርላታል እስከዚህ ድረስ ወርዶ።

በኖውሩዝ ለልጆች፣ በበጋ ለሙሽራ
በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ሳከራይ በየተራ
ኖሬ ኖሬ፣ አሁን ምላሴን አከራየሁ፣
እንዳንተ ላለ እንግዳ ከተማ አሳያለሁ።

ነገሥታቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከሄዱ ቆዩ፤
"የዓለም እኩሌታ" ነው ዛሬም ስሟ ለሚያዩ።
ሌላው እኩሌታ የት ነው? ስትል ሰማሁ መሰለኝ፤
ኢስፋሃን ተወልጄ እሱን ማን ይንገረኝ!

አደባባዩ ይኸው።
ዳር ዳሩን መዳብ ይቀጠቀጣል፤
ጣ ጣ ጣው ማታ ትራስህ ድረስ ይመጣል።
እነዚያ የድንጋይ ቋሚዎች፣ ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ፣
ጎል ነበሩ፤ መኳንንቱ በፈረስ ገና ሲጫወቱ በዚያ።
ጌታ ይቆጣ እንደሁ ሲሸነፍ፣ ድንጋዩ አይናገር፤
ዛሬ ብስክሌት ይደገፍበታል፤ ይኸው ነው የክብር ነገር።

በሰማያዊው ጉልላት ሥር፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቁም፣
አጨብጭብ አንድ ጊዜ፤ አንድ ሆኖ አይቀርም።
ሰማህ? ሰባት መለሰ።
ለአንድ ሰባት የሚከፍል ባለዕዳ
ከዚህ ሌላ አልገጠመኝም።

"አርባ ዓምድ" ይሉታል ይህንን አዳራሽ።
ቁጠር።
ሃያ አይደል? ሁሉም ሃያ ይላል፣ ሁሉም ግራ ይገባዋል።
ሃያው ከእንጨት ነው፣ ሃያው ግን ከውሃ፤
ገንዳው የደረቀ ዕለት ቤቱ ግማሽ ድሃ።
አምና ገንዳውን ሲጠግኑ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ
"ሃያውን ማን ሰረቀ?" አለችኝ ተቆጥታ፤
እኔን! የጀልባ ሰው!
ከረሜላ ሰጥቼ አመለጥኳት።

ወደ በሩ እንመለስ። እዚህ ጥግ ተጠጋ።
ወደ ጡቡ ዞረህ ብታንሾካሹክ፣ ጮክ ሳትል፣
ከማዶው ጥግ ያለ ሰው ጆሮው ሥር ነህ ይመስል
ይሰማሃል።
"ግድግዳ ጆሮ አለው" ለሌላው ማስፈራሪያ፤
ለእኔ ግን ሽማግሌ ነው፣ የሚስት ማግኛ፣ መማለጃ።
መህርኑሽ በዚያ ጥግ፣ ቀለም የነካው እጇ፣
የጨርቅ አታሚ ልጅ፤ እኔ ደጅ ጠኚ ወዳጇ፤
ጀርባና ጀርባ ሆነን "ታገቢኛለሽ?" አልኩት ግንቡን።
ግንቡም "አስብበታለሁ" አለኝ።

ይኸው ሠላሳ ዓመት። ዘንድሮ ግን አኮረፈች።
"ወንዙ አይመጣም፣ ሽጥ፣ ለቆራሌው ስጥ" አለች።
ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።
ከዚያ ወዲህ ሻይ ታቀርባለች፣
ስኳሩን ግን ከጠረጴዛው ማዶ፣
እጄ ከማይደርስበት።

ትናንት ከገበያ ስትመለስ አየኋት፤
ከረጢቷን አስቀምጣ በዚያ ጥግ አረፍ አለች።
ሳታየኝ እዚህ ቆምኩ።
ግንባሬን ከጡቡ አስጠጋሁ።
"መህርኑሽ፣ ስድስቱን ሸጥኩ" አልኩ።
ግንቡ ዝም።
ሰው አለፈ፣ ሰው ፎቶ አነሳ፣ ርግብ ተነሳች፤
ግንቡ ዝም።
ከዚያ በቀስታ፣ ጆሮዬ ሥር፣
"ድመቷ ያለችበትንስ?"

የዛሬው ሒሳብ? እንዳሻህ ስጥ፤ ተከፍሎኛል።
ወደ ሆቴልህ ስትሄድ በወንዙ ውስጥ አቋርጥ፣ ያደርስሃል።
አንዷን ጀልባ ብቻ፣
አራተኛዋን፣
እንዳታንኳኳት።
አራስ ናት።